በድምፅ ማጉያ የወጣ ምስጢር

በአንዲት ትንሽ የግሪክ ደሴት አርጊሮ የምትባል ሴት የመንደሩን ሕፃናት በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ታመላልስ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ አጥታ፣ ማንም እንዳያውቅባት በመርከብ ተሻግራ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች። የሐኪሙ ነርስ ግን የመንደሯ ሰው ዛፊሪያ ሆና ተገኘች።

እሑድ ቄሱ በቅዳሴ የሕሙማንን ስም ለጸሎት ሲጠሩ «አእምሮዋ ለታወከባት ለአርጊሮ» አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለው ደጅ ነው፤ አደባባይ ካርታ የሚጫወተው ሁሉ ሰማ። ሰኞ አውቶቡሱ ባዶውን ሄደ፤ እናቶች ልጆቻቸውን በእግር ወሰዱ።

አርጊሮ ዛፊሪያን ዳቦ ቤት አገኘቻት።

«ለቄሱ የነገርሽው አንቺ ነሽ፣ እትዬ?»

«ለጸሎት እኮ ነው፣ የኔ ልጅ! ክፉ አሰብኩብሽ?»

«እግዜር ጆሮው ከብዶታል? ያለ ማጉያ አይሰማም?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ሰው እንደሚሰማ ዛሬ ትዝ አለሽ? ለመጪው እሑድ የራስሽን ስም አስጠሪ፦ ምላሷ ለታመመባት ለዛፊሪያ!»

ዳቦ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን በሳምንቱ የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበላት። ለጸሎት ስም ማስጠራት ደግነት ነው ይሉናል! ቁልፉ እንዲመለስላት የጸለየ ግን አንድም ሰው አልነበረም።