በወር ወይስ በየእሁዱ

ልጄ ሰላም ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት ምርጫ ይዛ መጣች። እዚህ ገንዳ ውኃ ከተማ መኪና መንዳት በሁለት መንገድ መማር ይቻላል አሉ። አንደኛው በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ተምረው በወር የሚጨርሱት ነው፤ ሌላው በየቅዳሜው ብቻ እየተማሩ እስከ ጥቅምት የሚዘልቁት። ሰላም የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ጂንካ ሥራ አግኝታለች። ቀጣሪዎቿ መንጃ ፈቃድ ይዘሽ ነይ፣ ከፈጠንሽ ደስ ይለናል፣ ካልሆነም እስከ ጥቅምት እንጠብቅሻለን ብለዋታል።

«እማዬ፣ የቱን ልያዝ?» አለችኝ። ወይ ልጄ! መሪ ይዛ ከግቢ በሰላም ወጥታ የማታውቀውን እናቷን ትጠይቃለች። አፌ ላይ የመጣው «የቅዳሜውን» የሚል ነበር። ልናገር ስል ግን አክስቴ ስንዱ ፊቴ ድቅን አለችብኝና «እስቲ ልደርበት» አልኳት።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች እዚሁ አቅራቢያ ኮኪት ከተማ ያሳደጉኝ አክስቴና ባሏ አጎቴ በላይ ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም፤ እኔው ነበርኩ ልጃቸው። አጎቴ ሰሊጥ አራሽ ነበር። አንድ ዓመት ሰሊጡ ሲሰምርለት ነጭ ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዛ። አቤት ሲወዳት! እሁድ እሁድ አክስቴን ከጎኑ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ እርሻ ለእርሻ ያዞረናል፤ እየነዳ ያንጎራጉራል፣ አክስቴ ደግሞ ድምፁ እንደማያምር እየነገረች ታዳምጠዋለች። እንዲህ ስንሆን ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላን ወባ በጥቂት ቀን ወሰደችው።

መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ዶሮዎች ከሥሯ ጥላ አገኙ። አክስቴ በየጠዋቱ አቧራዋን ትጠርግላታለች፤ በሯን ግን አትከፍትም።

የአጎቴ ታላቅ ወንድም አያ ደረጀ ክፉ ሰው አልነበሩም። አብደራፊ የሚኖሩ አራሽ ናቸው፤ ንብረት ቆሞ ሲበላሽ ማየት አይሆንላቸውም። ከፋሲካ በኋላ መጥተው ነገሩን ቆረጡት።

«ስንዱ፣ አጨዳ ሲደርስ ሳሉግ አጫጆቹን ከደጋ እንደመጡ እርሻ የሚያደርስ፣ ጆንያውን የሚያመላልስ መኪና ያስፈልግሻል። ከቤት የሚነዳት ከተገኘ ደግ። ካልተገኘ ለመስቀል ገዥ ይዤ እመጣለሁ። ልጅቱን ጎንደር ስደጂያት፤ ቀኑን ሙሉ እየተማረች በወር ጨርሳ ትምጣ።»

«ጎንደር አትሄድም» አለች አክስቴ። «እዚሁ በየእሁዱ ትማራለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«አንቺ ታጥቀሽ እስክትጨርሺ ሰሊጡ ይረግፋል!» አሉና ሳቁ።

እኔ ግን አኮረፍኩ። ጎንደርን ማየት፣ ኬክ ቤት መቀመጥ አምሮኝ ነበር። አክስቴ ወጣት ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ እንዳታድር ሰግታ መሰለኝ። የሰፈሩም ሰው እንደዚያው ነው የመሰለው።

አስተማሪዬ ይበልጣል የሚባል፣ ከጎጃም የመጣ የትራክተር ሾፌር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እርሻ ላይ ስለሚውል ያለው ቀን እሁድ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣል። እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ከጎኔ፤ አክስቴ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ከኔ ጀርባ ትሰየማለች።

«እትዬ ስንዱ፣ እርስዎ እንኳ ቤት አረፍ ቢሉ፤ መንገዱ ያንገላታዎታል» ይላታል።

«ልጅ ከወንድ ጋር ብቻዋን ጋቢና አትውልም» ትላለች ኮስተር ብላ። ይበልጣል ጺሙን ያሻሻል፤ የልጆች አባት ነው፣ ጨዋ ሰው።

ሚያዝያ ነው፤ የቆላው ፀሐይ መሪውን አግሎት እጅ አያስይዝም። ፍሪሲዮኑን ስለቀው መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች፣ ሞተሩ ይጠፋል። «ቀስ ብለሽ ልቀቂው እንጅ! ምን ያስቸኩልሻል፣ የሚያባርርሽ የለ» ይለኛል። ከኋላዬ የባዶ እግር ድምፅ እሰማለሁ። አክስቴ ወለሉን ረገጥ ታደርጋለች፣ ቀስ ብላ ትለቃለች። ከፍርሃቷ ነው እያልኩ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል በልተን ቀዝቃዛ ከርከዴ እንጠጣለን። እውነቱን ልናገር? እኔ የምጓጓው ለፉሉ ነው። በአንዱ እሁድ የተማርኩትን እስከሚቀጥለው እሁድ እረሳዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ሰኔ ገባ። ያ ጥቁር አፈር ሲርስ እንኳን የመኪና ጎማ የሰው ጫማም አይለቅም። አንዱን እሁድ ከተማርን ሁለቱን በር ላይ ቆመን ዝናብ እናያለን። አክስቴ ሰማዩን ትቆጣዋለች፤ «አሁን እሁድ ጠብቀህ መዝነብህ ምን ይባላል?» ትለዋለች። እሷ ለሰብሉ ዝናብ ስትለምን የኖረች ሴት!

መስቀል ሲደርስ ወደ ፊት መሄድና መታጠፍ ላይ ነበርን። ወደ ኋላ መንዳት የሚቀጥለው እሁድ ነበር።

አያ ደረጀ እንዳሉት ገዥውን ይዘው መጡ። ይበልጣልም ሊያበረታታኝ መጣ። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተደረደረ። «በይ ልጄ፣ ከዚህ እስከ ሰሊጥ መጋዘኑ ንጂያትና እንይ» አሉኝ አያ ደረጀ። ገባሁ። አስነሳሁ፣ ዘለለች፣ ጠፋች። እንደገና አስነሳሁ፣ ጠፋች። ገዥው ጎማውን እየዞረ መርገጥ ጀመረ፤ የራሱ አድርጎ ቆጥሯታል። እንባዬ መጣ።

«ውረጂ ልጄ» አለች አክስቴ።

ወረድኩ። እሷ ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ መሪው ላይ ወጣች። ማንም «ምን ልታደርጊ ነው?» ለማለት እንኳ አልደረሰም። መኪናዋ ሳትዘል፣ ሳትንተፋተፍ፣ ልስልስ ብላ ከግቢ ወጣች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መጋዘኑ ጋ ደረሰች፤ አለፈችው። ወደ መተማው መንገድ ታጥፋ ከዓይናችን ጠፋች።

«ወየው! ሱዳን ልትገባ ነው እንዴ?» አሉ አያ ደረጀ።

ይበልጣል ግንባሩን መታ። «የኋላ ማርሽ ገና አልደረስነም እኮ! መዞሪያ አጥታ ነው።»

ልጅ አዋቂው ሊሮጥ ሲል በሌላ በኩል፣ ከማሽላው ማሳ አቅጣጫ እልልታ ተሰማ። አክስቴ እርሻውን ሁሉ ዞራ፣ ሳሉጎቹ በአቧራዋ ውስጥ እየሮጡ አጅበዋት መጣች። መጥታም አያ ደረጀ እግር ሥር ቀጥ አድርጋ አቆመቻት። እሳቸው ወደ ገዥው ዞሩ። «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምኩህ። መኪናዋ ባለቤት አላት» አሉት።

እንግዶቹ ሲሄዱ አክስቴ አልወረደችም። እጇ መሪው ላይ ነው። ከጎኗ ገብቼ «መንዳት ፈልገሽ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም? ጎንደር ብሄድ በወር ተምሬ አስተምርሽ አልነበር?» አልኳት።

«መንዳቱን መች አሰብኩት፤ እግሬ ነው ሳላውቀው የተማረው» አለች። ከዚያ ድምጿ ተቀየረ። «በወር ብትጨርሺው ኖሮ እኔ በምን ሰበብ እገባ ነበር? ባሏ የሞተባት ሴት በቆመ መኪና ውስጥ ብትቀመጥ አበደች ነው የምትባል። እሁድ እሁድ ግን ገብቼ እቀመጣለሁ፤ መኪናዋ ስትሄድ ዓይኔን ጨፍኜ አጠገቡ ያለሁ ይመስለኛል። በላይ እንዲያልቅብኝ አልፈለግኩም ልጄ።» አቅፌያት አለቀስን። መኪናዋ እስክታረጅ ድረስ ሰሊጣችንን ያመላለሰችው አክስቴ ራሷ ናት።

አክስቴ ካረፈች ቆየች። ትናንት እሷን ሳስብ አድሬ የራሴን ልብ አየሁት። ልጄን በየቅዳሜው ተማሪ ልላት የነበረው መንዳት በደንብ እንድትለምድ ብዬ አይደለም፤ እስከ ጥቅምት ከጎኔ እንዳትጠፋ ነው። ግን አክስቴ በየእሁዱ ያቆየችው የሞተ ሰው ነበር፤ የሚሄድበት አገር፣ የሚጠብቀው ሥራ አልነበረውም። የእኔዋ ሕይወቷ ገና ከፊቷ ነው።

ዛሬ ጠዋት «የወሩን ተመዝገቢ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ እማዬ?»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ፣ ሰልፉ ሳይበዛ!» ብዬ ተቆጣሁ። ደግማ ብትጠይቀኝ «ሂጂ» ማለት እንደማልችል አውቄያለሁ።