ባሌ የከሳበት ዓመት

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል።

በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ኮልፌ፣ ባሌ በጣም ወፍራም ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲገባ «ቡርዣው መጣ፣ ጠጋ በሉ!» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። በውፍረቱ የምመሰገነው እኔ ነበርኩ፤ ባሏን አጥግባ ታበላለች ይሉኛል። በሰባት የትዳር ዓመት ልጅ አለመውለዳችንም የሚቆጠረው በኔ ነበር። ያልጠጣሁት ጠበል፣ ያልተሳልኩበት ደብር የለም። እሱ ይመርመር ያለ ሰው ግን አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሁለታችንንም መረመረን። እኔ ጤነኛ ነኝ። የባሌ ዘር ግን ትንሽና ደካማ ሆኖ ተገኘ።

«ከውፍረቱ ሊሆን ይችላል። ቢቀንሱ ሊሻሻል ይችላል፤ ቃል ግን አልገባም» አለው።

ከበሩ እንደወጣን ባሌ ክንዴን ያዘና «ለእናቴ እንዳትነግሪ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ለመክሳትም ሰበብ ያስፈልግ ነበር። የጽጌን ጾም ያዘ፤ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ማንም ለምን አይልም። ከዚያ የነቢያትን አስከተለ። ከሥራ ሲመለስ ሁለት ፌርማታ ሲቀረው ይወርድና በእግሩ ይመጣል። እኔ እስኪደርስ መንገድ ላይ ወጥቼ እንቆራጠጣለሁ። ቀበቶው በሰፋው ቁጥር በጋለ ምስማር አዲስ ቀዳዳ እበሳለታለሁ።

«ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ከሱ? ታስረው ነበር እንዴ?» አለችው አንዲት ጎረቤት። በዚያ ዘመን ይህ የሚያስቅ ቀልድ አልነበረም።

ገና ሲደርስ ጾሙ ተፈታ፤ ሰበባችንም አለቀ። አማቴ ከጎጃም ቅቤ ይዘው መጡ። ልጃቸውን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ።

«ምን አድርገሽ ነው ልጄን እንዲህ ያመነመንሽው? መውለዱ ቢያቅትሽ ማብላቱም አቃተሽ?»

ባሌን አየሁት። ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። ቃሌን ጠብቄ ወጡን ጨለፍኩላቸው።

አማቴ ከዶሮው ወጥ ጠቅልለው አጎረሱት። ዋጠ። ሁለተኛ ጠቀለሉ።

«በቃኝ፣ እማዬ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል! ክፈት አፍህን!»

እጃቸውን ያዘው። «እንጣላ እንግዲህ። ልጅ ያጣነው በኔ ነው፣ እማዬ። እሷ ጤነኛ ናት። ሐኪም ቀንስ ስላለኝ ነው የከሳሁት።»

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ቅቤው በአማቴ ክንድ ላይ ወረደ። ከዚያ ዞር አሉና ጉርሻውን ወደኔ አመጡት።

«እንቺ፣ ጉረሺ» አሉኝ። ደግመውም አጎረሱኝ።

ልጃችን የተወለደችው በሁለተኛው ዓመት ነው። ክሳቱ ይሁን ጊዜው፣ ሐኪሙም አልነገረን።

ዛሬ ጠዋት የአባቷን ልብስ ስታጣጥፍ ቀበቶውን አነሳች። «እማዬ፣ ይሄ በሙሉ ቀዳዳ ነው፤ ይጣል?» አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኳት። ደነገጠች። ለመንገር አፌን ከፍቼ አቃተኝና ወደዚህ ወረቀት ተመለስኩ። ሲያልቅ አነብላታለሁ።