የጋሽ ሎምበሶ ባቡር

ሆሳዕና ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ ታደለች አሮጌ የመጫወቻ ባቡር ይዘውልኝ መጡ። ባለቤታቸው ጋሽ ሎምበሶ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል።

«የባቡር ድምፅ ቢሰማ ደስ ይለዋል። እንደምንም ብለህ አስነሳልኝ» አሉኝ።

ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል። ምትኩን ሆሳዕና ፈልጌ ሳጣ ጃጁራ ገበያ ድረስ ሄድኩ፤ እዚያ ከአንድ የተበላሸ ቴፕ ውስጥ የሚሆነውን አግኝቼ ገጠምኩለት።

ቤታቸው ወስጄ ሐዲዱን ከአልጋው አጠገብ ዘረጋሁት። ባቡሩ ጡሩንባውን እየነፋ መዞር ጀመረ። እትዬ ታደለች ፈገግ አሉ። ጋሽ ሎምበሶ ግን ለመነሳት እየታገሉ «አቁመው! ልጅቷ ሐዲዱ ላይ ናት!» ብለው ጮኹ።

ደንግጬ ገመዱን ነቀልኩት። እሳቸው ግን ማልቀሳቸውን አላቆሙም።

አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት እትዬ ታደለች ወደ እኔ ዞረው «የቷ ልጅ?» አሉኝ።