ለባቡር የተላኩ ሽማግሌዎች

ጎሳዬን የማታውቁት ከሆነ፣ ስለ እሱ ሳወራ የተጣላሁት ይመስላችኋል። ተጣልቼውም አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሳይጣሉት አይታወቅም።

በዲቪ በአንድ ዓመት ነው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የገባነው። ኖርዝላንድ፣ ሞርስ ሮድ አጠገብ አንድ አፓርታማ ተጋርተን ሦስት ዓመት አብረን ኖርን። እሱ ከከተማው በስተደቡብ ካርቶን ፋብሪካ ገብቶ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ቆየ፤ ኋላ ጭነት ክፍል አስቀመጡት። የቱ ዕቃ በትራክ ይምጣ፣ የቱ በባቡር ይምጣ፣ መቼ ይድረስ፣ ይህን የሚያሰላው እሱ ሆነ። እኔ ትራክ ገዛሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። እሱ ባቡር ወደደ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከፋብሪካው ጀርባ ሣር የዋጠው ሐዲድ አለ። ትልቁ ባቡር አይሄድበትም፤ የሰፈር ባቡር በሉት። ከዋናው መስመር አምስት ስድስት ፉርጎ ይቀበልና እስከ ፋብሪካው በር ያደርሳል፣ በቃ። ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል። ቅዳሜ ጎሳዬ ኦፍ ነው። ኦፍ ሆኖ እዚያው መሥሪያ ቤቱ ጀርባ ሄዶ ታጣፊ ወንበሩን ይዘረጋል!

"አንተ ሰው ጤና የለህም" እለዋለሁ። ይስቃል።

አንድ ጥቅምት ላይ ጎትቶ ወሰደኝ። ጭጋግ ነበር፤ ፋብሪካው የለም፣ መንገዱ የለም፣ ወንበሩና ሣሩ ብቻ። መጀመሪያ ድምፅ አይሰማም፤ እግርህ ሥር ያለው መሬት ነው የሚነግርህ። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ቢጫ መብራት ወጣ፤ ይመጣል፣ አይደርስም፤ ይመጣል፣ አይደርስም። ሞተሩ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፣ ሰማያዊ ቀለሙ ተላልጧል። የሚሄደው በሰው እርምጃ ነው። ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ ሲጥ ሲጥ እያሉ ሲያልፉ፣ ሣሩ ወደ አንድ ወገን ሲተኛ፣ እውነቴን ነው፣ ቆሜ ያንቀላፋሁ መሰለኝ። ጭነቱም፣ ጭነት የሚሰጠኝ ዲስፓቸሩም፣ ስልኩም ራቁኝ። ሽበታሙ ሹፌር በመስኮት እጁን አወጣ፤ ጎሳዬም እጁን አነሳ።

"ምኑ ነው እንዲህ የያዘህ?" አልኩት።

"አይቸኩልም" አለኝ። "እዚህ አገር የማይቸኩል ነገር ሌላ አላየሁም።"

እኔ ግን እቸኩላለሁ። ሦስት ሦስት ሳምንት ቴክሳስ፣ ኔቫዳ እያልኩ ትራክ ውስጥ ነበር የማድረው። ልጄ ሉሊት ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ቤት ገብቼ ስንጫወት ዋልንና ሊመሽ ሲል ጫማዬን ከበሩ ሥር አምጥታ እግሬ አጠገብ አስቀመጠች። "ባይ" አለችኝ። እንግዳ ሲመሽበት እንደሚሄድ ታውቃለች። ሚስቴ አይናለም ፊቷን አዞረች፤ እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

በዚያው ሰሞን ነው ነገሩ የመጣው። ፋብሪካው ወረቀት የሚያመጣው ከዊስኮንሲን በባቡር ነበር። ማናጀሯ ጎሳዬን፣ "ከደቡብ ኦሃዮ በትራክ ብናመጣውስ? የሚሻለውን አጥንተህ ጻፍልኝ" አለችው። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው! አልፎ አልፎ ካርቶናቸውን ስለምጭንላቸው፣ ትራክ ከሆነ ሥራው የእኔ እንደሆነ ነግራኛለች። ጠዋት ወጥቼ ማታ ቤቴ ልገባ ነው። ባቡር ከሆነ ግን ያው ኔቫዳዬ። ደግሞ ትራክ ከሆነ ባቡሩ ይቀራል፤ በዚያ ሐዲድ የቀረው ደንበኛ ፋብሪካው ብቻ ነው።

"ወንድሜ፣ የሉሊትን ነገር ታውቃለህ" አልኩት።

"አውቃለሁ። ስሌቱ የሚለውን እጽፋለሁ።"

ይሄ መልስ ነው? ሦስት ዓመት አብሮ ለኖረ ሰው? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፤ ለባቡሩ እንደሚቆርስለት አልተጠራጠርኩም። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሽማግሌ ላክሁ። ሰው ሽማግሌ የሚልከው ሚስት ሊጠይቅ ወይም ሊታረቅ ነው፤ እኔ ለወረቀት ጭነት ላክሁ። ሁላችንም የምናከብራቸው የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሼ አለሙ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስከትለው፣ ሱፋቸውን ለብሰው ሄዱ። ወንደላጤው ጎሳዬ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ሚስት ሊያጩለት የመጡ መስሎት ላብ በላብ ሆነ አሉ።

ጉዳዩን ቆሞ ሰማ፤ ተቀመጥ ቢሉትም እንቢ አለ። ከዚያ "ጋሼ፣ እናንተን እንቢ ማለት ይከብደኛል" አላቸው። "ግን ሃያ ቶን በሽማግሌ አይቀልም።"

ጋሼ አለሙ ሲመለሱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር። "ልጁ ልክ ነው፤ ያዋረድከን አንተ ነህ" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ ካርቶን ልጭን ሄጄ ማናጀሯን ዕቃ መጫኛው ዶክ ላይ አገኘኋት። "ጎሳዬ የሚጽፈውን እንዳለ አትቀበዪ" አልኳት። "ባቡር ወዳድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐዲድ ዳር ነው የሚውለው።" ሳቀች፤ ግን ልብ ብላ ሰማችኝ። ማታ ለአይናለም እንኳ አልነገርኳትም።

ማናጀሯ ሁለት ሳምንት ቆይታ ኮል አደረገችልኝ። ጎሳዬ የጻፈው "ትራክ" ብሎ ነው! አንድ ፉርጎ የሦስት ትራክ ጭነት ይዞ በርካሽ ይመጣል፤ ነገር ግን ዋናው መስመር ላይ ስንት ቀን እንደሚገተር ማንም አያውቅም፤ ደንበኞቹ ደግሞ ዛሬ አዝዘው ለነገ የሚሉ ሆነዋል። እንዲህ አድርጎ ጽፎታል። "ባቡር ትወዳለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት" አለችኝ። "አዎ አለኝ፤ ስለዚህ ስሌቱን ሌላ ሰው ይይልኝ አለ። ለሌላ ሰው አሳየነው። አንድ ቁጥር አልተለወጠም።" ስልኩን ዘግቼ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

የመጨረሻው ባቡር የመጣው ኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። ሳልጠራ ሄድኩ። የመጀመሪያው በረዶ ለስለስ ብሎ ይወርድ ነበር፤ ሐዲዱ ነጣ፣ ሰማዩ ነጣ፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ጎሳዬ አልተቀመጠም፤ ወንበሩን ይዞ ቆሟል። ባቡሩ ባዶዎቹን ፉርጎዎች ሊወስድ ነው የመጣው። ቀስ፣ ቀስ አለ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋና አልለቅ አለ፤ ድምፁ በረዶው ውስጥ ገብቶ ረጅም ጊዜ ቆየ። ጎሳዬ እጁን አነሳ፤ የኋላው ፉርጎ ነጩ ውስጥ እስኪቀልጥ ድረስ አላወረደውም።

"ለእኔ ብለህ..." ስል አቋረጠኝ።

"ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ሲሞን። አታመስግነኝ። ለባቡሩ የሚሆን አንድ ምክንያት ባገኝ አንተን ኔቫዳ እተውህ ነበር። ፈልጌ አጣሁ።"

ከዚህ በኋላ እንዴት ዝም ልበል? "ለማናጀሯ ያወራሁብህ እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ። ከአንተ ሌላ ቅዳሜ የት እንደምውል ማን ያውቃል?"

"አውቀህ እንዴት ዝም ትለኛለህ? ስደበኝ እንጂ!"

ወንበሩ ላይ የተከመረውን በረዶ በእጁ ጠረገ። "ለምን እሰድብሃለሁ?" አለኝ። "አልዋሸህም። እወደው የለ እንዴ።"

አለቀስኩ። እሱ አይደለም፣ እኔ።