ሳይደርቅ ዳስ ሥር የገባው ታንኳ

ይህን ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። በየመጽሔቱ የሰው ጥፋት ስነቅስ የኖርሁ ሰው፣ የራሴን ዋጥ አድርጌ ወደ ሃምሳ ዓመት አለፈኝ። እስቲ ዛሬ አንተ አንባቢው ስማኝ።

በቅርቡ ጎብኚዎችን ካያክ በሚሏት ጠባብ ጀልባ ወንዝ ለማስቀዘፍ ያሰበ አንድ ወጣት፣ የፎገራን ወንዞች ለጀማሪውም ለለመደውም ለይቼ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ጻፍሁለት። ለጀማሪ ጉማራ ጣና ሊገባ ሲል፣ በጥር፣ ውኃው እንደ ጠገበ በሬ ሲተኛ። ለለመደ ርብ በጥቅምት፣ ጎርፉ ከሜዳው ሲሸሽ። ርብ በነሐሴ ግን ለማንም አይሆንም አልሁ። ከየት አወቅህ ብሎ አልጠየቀኝም።

ከየት አወቅሁ? በደርግ ዘመን፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከወረታ ማዶ ርብ ዳር ወዳለች መንደር ተላክሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ አያ ደሴ ነበሩ፤ በክረምት ሰው በታንኳ የሚያሻግሩ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው። እኔ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ፣ እሳቸው በዘንግ ታንኳ መግፋት ያስተምሩኛል። «መምህር፣ ውኃውን ለምን ትደበድበዋለህ? ምን አደረገህ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ታንኳው የሚታሰረው ከደንገል፣ ውኃ ዳር ከሚበቅል ሸምበቆ መሰል ተክል ነው፤ ውኃ ይጠጣል። አንድ ቀን የሠራ፣ በማግስቱ ፀሐይ ላይ ቆሞ መድረቅ አለበት። ስለዚህ አያ ደሴ ሁለት ታንኳ ነበራቸው፤ የረጠበው ዛፍ ተደግፎ ይቆማል፣ የደረቀው ዳስ ሥር ይተኛል። ዳስ ሥር ያለ ታንኳ ለነገ የተዘጋጀ ነው። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

በነሐሴ፣ በወረታ ገበያ ዋዜማ አያ ደሴ ለቅሶ ሄዱ። እኔ የደረቀውን ታንኳ አወጣሁ። ለምን? ብቻዬን መግፋት እችል እንደሆነ ለማየት፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። ከቀትር እስከ ማምሻ በጎርፉ ዳርቻ ስዞር ዋልሁ። ከዚያ እንዳይታወቅብኝ መልሼ ዳሱ ሥር አስተኛሁት። ላዩንም በጋቢዬ ጠረግሁት። በጋቢዬ!

በማግስቱ ጠዋት አያ ደሴ ታንኳውን ሲያነሡ ቆም አሉ።

«ከበደኝሳ። ሰው ነክቶታል?»

አጠገባቸው ነበርሁ። «ትናንት ዘንቧል፤ ዳሱ አፍስሶ ይሆናል» አልሁ።

ሣቁ። «ደንገሉ ምን ያድርግ፤ ክንዴ ነው ያረጀው።»

መምህር ነኝና አመኑኝ። ወረታ ገበያ የሚሻገሩትን ወይዘሮ እታገኝን ከነጤፍ ጆንያቸው አሳፈሩ።

የራሰ ታንኳ አይገለበጥም፤ ቀስ እያለ ይሰምጣል። መሀል ሲደርሱ ውኃው የሴትዮዋን ጉልበት አልፏል። ከዚያ ጎርፉ ወሰዳቸው። አያ ደሴ የሴትዮዋን ቀሚስ ጨብጠው እየዋኙ፣ ከታች በኩል ጎትተው አወጧቸው። ሁለቱም ተረፉ። «ሁለቱም ተረፉ» እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን እንዳባበልሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የገበሬ ማኅበሩ ሰው ሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርሁ፤ ሌላ ማን ይጽፋል? ወይዘሮ እታገኝ ከእንግዲህ ከእሳቸው ጋር ውኃ እንደማይገቡ ተናገሩ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። አያ ደሴ ተነሡ።

«ከብዶኝ ነበር። እርጅናዬ መስሎኝ ሳላይ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጻፍሁት። አንድ ቃል ሳላጎድል ጻፍሁት። መሻገሪያው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሊያስፈርሟቸው የጣት ቀለም ሲያቀርቡላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «መምህሬ ተቀምጦ በጣቴ አልፈርምም» ብለው እስክሪብቶዬን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ከእኔ ጥፋት ሥር ስማቸውን በቀስታ ጻፉና ልክ መሆኑን በዓይናቸው ጠየቁኝ። ልክ ነው አልሁ።

ዘመኑ ክፉ ነበር የሚለኝ ይኖራል። ስለዚያ ዘመን ፍርሃት ብዙ ጽፌ ብዙ ተጨብጭቦልኛል። ግን የዚያን ቀን ማን አስፈራራኝ? ካድሬ አልነበረም፤ ጠመንጃ አልነበረም። ብናገር መንደሩ ይስቅብኝ ነበር። የፈራሁት ያንን ሣቅ ነው።

አያ ደሴ ከዚያ ወዲያ ታንኳ አልሠሩም፤ የሰው ከብት ሲጠብቁ ኖረው ሞቱ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወረታ አውቶቡስ ስጠብቅ ልጃቸው አወቀችኝ። «አባቴ እስኪሞት ያነሣዎት ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እያለ» አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተሳፈርሁ። ያን ጊዜስ ልጅ ነበርሁ? አርባ ዓመቴ ነበር።

አንተን ይቅርታ አልለምንህም፤ የተበደልኸው አንተ አይደለህም። ልጃቸው ግን አለች። ይህን ካነበበች ትወቅ፤ አባቷ ምንም አላጠፉም። ታንኳው እውነትም ከብዶ ነበር። ያራስሁት እኔ ነኝ፤ ጠይቀውኝም ዋሽቻለሁ።