የዋርያም ግማሽ ብልቃጥ

ዋርያም ዶክተር አልነበረም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ቻክ አርባ ሁለት የምትባለው መንደራችንም ታውቃለች። ግን ላም የታመመችባት ሴት በር ላይ ቆማ «ቻቻ ዋርያም፣ አጎቴ፣ ዶክተርዬ፣ ድረስልኝ!» ስትለው «ዶክተር አይደለሁም» ብሎ የሚከራከር ጅል ደግሞ አልነበረም። በጉብዝናው ዘመን ስድስት ዓመት በአንድ የከብት ክሊኒክ መርፌ ሲቀቅልና ወለል ሲጠርግ ኖሯል። የእንግሊዝኛ ፊደል የቆጠረውም እዚያው፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነው። ጋዜጣ ብትሰጡት አያነብም፤ የመድኃኒት ስም ግን ከሩቅ ይለያል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ቦርሳውን ሞተሩ ላይ አስሮ፣ በቦዩ ዳር ካንዱ በረት ወደ ሌላው ሲል ነው የኖረው።

የምንወደው ስለ መርፌው ብቻ አልነበረም፤ ስለ ርኅራኄውም ነው። አንዱን ብልቃጥ ለሁለት ላም ያብቃቃዋል። የተማሩት አምስት ቀን ይወጋ የሚሉትን እሱ ላሟ ገለባ መንካት ስትጀምር በሁለተኛው ቀን ያቆመዋል።

«በላች አይደል? በላች ማለት ዳነች ማለት ነው» ይላል። «የተረፈውን ለጎረቤቴ ለቡታ ላም ልውሰደው፤ እሷም የአላህ ፍጥረት ናት።»

የላሟ ባለቤት ይመርቀዋል፣ ቡታም ይመርቀዋል። እኛም ሁላችን መርቀነዋል፤ ዛሬ ጥፋቱን በእሱ ላይ ብቻ ለመጫን የሚቃጣው ሁሉ ይህን ባይረሳ ደግ ነው። በሽታው ግን ግማሽ ዱላ ቀምሶ እንዳመለጠ ሌባ ሆነ። ዱላውን ለምዶት ተመለሰ። ያኔ ይህን የነገረን አልነበረም፤ ቢነግረንም እንስቅበት ነበር። አንዱ መድኃኒት አልሠራ ሲል ዋርያም ከከተማ ሌላ ያመጣል፤ ያም እምቢ ሲል ሌላ። «ይሄኛው አዲስ ነው፣ እሳት ነው እሳት!» እያለ።

ብርዱ እንደገባ ልጁ ሸሚም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባሏ መንደር ወደ ወላጆቿ ቤት መጣች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ሸሚም አንድ ለእናቷ ናት፤ ዋርያም እሷን ሲያይ ፊቱ ይበራል፤ ሲያስላት እንኳ የራሱን መድኃኒት ሳይሆን ሐኪም ነው የሚፈልግላት። ሰውን በመርፌ እንዳይነካ ምሏልና።

በዚያው ሳምንት የገዛ ላሙ ጡቷ አብጦ ነበርና ወጋት። የተወጋችን ላም ወተት፣ ከየቤቱ የሚሰበስበው ነጋዴ አይወስድም፤ የመመርመሪያ ወረቀት ነክሮ፣ ቀለሙን አይቶ ይመልሳል። ወተት መድፋት ደግሞ እኛ ዘንድ ሐራም ነው። ስለዚህ የታመመች ላም ወተት የቤተሰብ ድርሻ ይሆናል። የዋርያም ሚስት ሐኒፋን ልታረጋው ሞከረች፤ አልረጋ አላት።

«የሰው ዓይን ገብቶበታል። ይኸው ውሃ ሆኖ ቀረ» አለች።

«ምን ዓይን አመጣሽ፤ መድኃኒቱ ነው እንዳይረጋ ያደረገው» አላት። «እንዲያውም ለልጅቷ ስጫት። ወተትም መድኃኒትም ባንድ ሳህን፣ የት ይገኛል?»

ሸሚም ከት ብላ ሳቀች። «አባዬ፣ ከላሟ ጋር አንድ አደረግኸኝ እኮ!»

«አንቺማ ትብሻለሽ። እሷ ስትወጋ ዝም ትላለች፤ አንቺ ሳትወጊም አፍሽ አያርፍ።»

በየጠዋቱ፣ ሳይፈላ፣ አረፋው ሳይጠፋ ጠጣች። ጥሬ ወተት ነፍሰ ጡርን ያጠነክራል ይባላል፤ እኛም የተወለድነው በዚሁ ነው።

ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። በአራተኛው ቀን ሆዷን ቆረጣት፣ ከዚያ ትኩሳት ያዛት። በስድስተኛው ቀን ሰውነቷ ሲነድ ሆስፒታል አስገቧት። አንድ መርፌ ሰጧት፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። ቀየሩላት፤ ያው ነው። የደም ምርመራዋ ሲመጣ አንዲት ወጣት ሐኪም ዋርያምን ወደ ኮሪደሩ ጠራችው።

«አባባ፣ ቤታችሁ ከብት አለ?»

«ያለ ከብት ምን ቤት አለ፣ ልጄ?»

«ጥሬ ወተት ጠጥታለች?»

«ጠጥታለች» አለ።

«የያዛት ባክቴሪያ ከከብት የሚመጣ ነው። ደሟ ውስጥ ገብቷል። የባሰው ግን መድኃኒቶቻችንን መልመዱ ነው።» ወረቀቱን ዘረጋችለት። ያነበዋል ብላ አልነበረም፤ ሰው ባዶ እጁን እንዳይቆም ያህል ነው።

ዋርያም ግን አነበበው። ፔኒሲሊን፦ አይሠራም። ቴትራሳይክሊን፣ የቡታን ላም ሳንባዋን ስትታመም የወጋበት፦ አይሠራም። ጄንታማይሲን፣ የመስጊዱ ዘበኛ ጊደር የተነሣችበት፦ አይሠራም። ሴፍትሪያክሶን፣ ያ እሳቱ፣ ሸሚም በመጣችበት ሳምንት የገዛ ላሙን የወጋበት፦ አይሠራም። በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች ወረደ። አንድም የማያውቀው ስም አላገኘም። ወረቀቱ የገዛ ቦርሳው ዝርዝር ነበር። ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

«ሌላ የለም?»

«አንድ ቀርቶ ነበር፤ ከላሆር ከተማ አስመጥተን ትናንት ጀመርንላት። ግን ዘግይተናል፤ ኩላሊቷ ደክሟል።»

«ከኔ ውሰዱ። ኩላሊትም ቢሆን፣ ደምም ቢሆን…»

«እሱ አይደለም የጎደለው፣ አባባ» አለችው፤ የሷም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ሠላሳ ዓመት እጁ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው የልጁን እግር ይዞ ተቀመጠ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። እንዴት ያለ መቀመጥ ነው፣ አላህ ለጠላትም አይስጠው! ሸሚም አንዴ ነቃ አለች።

«አባዬ፣ ያንተ አይሻልም? እሳት ነው የምትለው?»

«ሰጥተውሻል፣ ልጄ» አላት። «ያለኝን ሁሉ ሰጥተውሻል።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ለለቅሶው ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተዘረጋ፤ የመንደሩ ወንድ ሁሉ መጥቶ ተቀመጠ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ዋርያም ከሰዉ መሃል ብድግ አለ።

«ስሙኝማ። ልጄን ማን እንደገደላት ልንገራችሁ። መርፌዬ ነው። እኔ ነኝ።»

«ሐዘን አናቱ ላይ ወጣበት፤ ውሃ አምጡለት» አለ ቡታ፣ እጁን ይዞ እያስቀመጠው። «ምነው ቻቻ፣ አንተ እኮ ስንቱን በረት ያቆምክ ሰው ነህ! ልጆቼ ወተት ያገኙት ባንተ አይደለም?»

ይህን ጊዜ ሐኒፋን ከጓዳው በር ጠራችው። ሕፃኗን ታቅፋለች። በሩን ከኋላው ዘጋችበት።

«ምን ልትላቸው ነው?»

«እውነቱን። ወተቱ ነው የገደላት፤ ወተቱን ያበላሸሁት ደግሞ እኔ። ካልነገርኳቸው ነገም ልጆቻቸውን ያጠጣሉ፣ ሐኒፋን።»

«እሺ፣ ንገራቸው። የወጋሁት እኔ ነኝ በል። ማን አጠጣት ሲሉህስ?» ድምጿ ከሹክሹክታ አያልፍም ነበር። «‹እማዬ፣ በቃኝ› ስትለኝ፣ ‹ስለ ልጅሽ ብለሽ› እያልኩ ሳህኑን እስኪያልቅ አፏ ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሆስፒታሉ ምን እንዳለህ አልጠየቅሁህም፤ አንተም አትንገረኝ። ትኩሳት ነው የወሰዳት እያልኩ ላልቅስ። ይህችን መጽናኛ እንኳ ተውልኝ።»

ዋርያም የራሱን ጥፋት ሲቆጥር ሰንብቶ፣ እሷም ራሷን እንደምትከስ በአሳቡም አልመጣለትም ነበር። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ ሕፃኗ በመሃላቸው ነበረች፤ መልሶ አወረደው።

ወጥቶ ከሰዉ መሃል ተቀመጠ።

«ምን ልትነግረን ነበር፣ ቻቻ?» አለው ቡታ በቀስታ።

ዋርያም አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም ባለላም ነው፤ ሁሉም ማልዶ አልቦ፣ ልጆቹን አጠጥቶ ነው የመጣው።

«አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» አላቸው።

«እውነት ነው» አሉ ሁሉም።