ከካፖርቱ ሥር ቱታ ነበረ

የምሥራች! ምሥር ብላ በሉኝ እንጂ፣ ምን አፍ አፌን ታዩኛላችሁ? ወጣ! መኪናው ላይ ወጣ! በገዛ ቱታው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያየው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ አለፈ!

ማን አትሉም? ለታ ነዋ! የዱቄት ፋብሪካው ተሸካሚ፣ የበቀለች ባል፣ ጋሽ ለታ።

ነገሩን የማያውቅ ሰው «ታዲያ መኪና ላይ መውጣት ምኑ ያስፈነጥዛል?» ይል ይሆናል። ይበል። እኔ ከሥር ከመሠረቱ ልንገራችሁ፤ ከዚያ እናንተው ፍረዱ።

ለታ የፉሪ ገበሬ ልጅ ነው። ወደ ፋብሪካው የመጣው ጺሙ ሳያቀመቅም ነበር። ስንዴውን ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ዱቄቱን ከመጋዘን ወደ መኪና፤ ዕድሜውን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። የቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። እሱ ሠራተኛ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

ግን ፈጣሪ አንድ ነገር ጨመረለት፤ ቦርጭ። ጮማ ቆርጦ መስሏችሁ? ሽሮ ነው የሚበላው፣ እሱም ከተገኘ! ቦርጩ የዘር ነው። አባቱም እርፍ ጨብጠው ሲያርሱ ሆዳቸው ይቀድማቸው ነበር አሉ። ሰው በአባቱ ሆድ ይፈረድበታል እንዴ?

ተፈረደበት እንጂ! አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የሠራተኞች ቀን በመጣ ቁጥር፣ በኛ በነፋስ ስልክ የሰፈር ትርኢት ይደረጋል። እያንዳንዱ ፋብሪካ መኪናውን በቀይ ጨርቅና በባሕር ዛፍ ቅጠል አስጊጦ፣ ማርሽ ባንድ ከፊት አሰልፎ፣ በመንደሩ መሐል ይዞራል። የጥምቀት ቀን ይመስል ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። በዱቄት ፋብሪካው መኪና ላይ «ሠራተኛው» መዶሻ ይዞ ይቆማል፤ ከመኪናው ኋላ ደግሞ ወገቡ በገመድ የታሰረ «ኢምፔሪያሊዝም» እየተጎተተ ይሄዳል። ኢምፔሪያሊዝም ማን ይሁን ሲባል የትርኢቱ ኮሚቴ ዓይን ሁሉ ለታ ሆድ ላይ አረፈ። «ትራስ እንኳ አያስፈልገውም!» ብለው ተደሰቱ።

ከተወረሰ ቪላ የተገኘ ጥቁር ካፖርት አለበሱት። ከካርቶን የተሠራ ረጅም ቆብ ደፉበት። ደረቱ ላይ የወረቀት ዶላር ለጠፉበት። ሠራተኛውስ ማን ሆነ? ዳኜ! ዳኜ የቀበሌ ጸሐፊ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጥርሱ በረዶ፣ ፎቶ ላይ የሚያምር ልጅ ነው፤ ነገር ግን ከማኅተም የከበደ ነገር አንስቶ አያውቅም። የሱ መዶሻ ራሱ እንጨት ነው፤ ብርማ ቀለም የተቀባ እንጨት!

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ትርኢቱ በአንድ ቀን ያልፋል፤ በካፖርቱ የተነሣ የወጣለት «ከበርቴ» የሚል ስም ግን ዓመቱን ሙሉ ቀረ። ለታ በቀበሌው ሱቅ ስኳር ሊገዛ ሲሰለፍ፣ «ከበርቴም ይሰለፋል እንዴ?» ይሉታል። ሕፃናቱ ከሥራ ሲመለስ እየተከተሉ «ጋሽ ከበርቴ! ጋሽ ከበርቴ!» ይሉታል። በቀለችን የገዛ እህቷ ተናኘ ሳትቀር «የከበርቴ ሚስት፣ እንዴት አደርሽ?» እያለች ታበሽቃታለች። ለታ ይስቃል። ስሙን ግን አልተቀበለም። ለዚህ ነው በየዓመቱ ከካፖርቱ ሥር የገዛ ቱታውን የሚለብሰው። በቀለች «በዚህ ሙቀት ምን አስደረበህ?» ስትለው፣ «እነሱ ባያውቁ እግዜር ይወቀው» ይላታል።

ዘንድሮ ለታ ጡረታ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ቆረጠና የትርኢቱ ኃላፊ ጓድ ደምሰው ዘንድ ገባ፤ ቆቡን አውልቆ፣ እጁን አጣምሮ።

«ጓድ፣ ይቺ የመጨረሻዬ ናት። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሠራተኛ ልውጣ።»

ጓድ ደምሰው ከራሱ እስከ እግሩ አየው፤ መሐል ላይ ሲደርስ ቆየ።

«ጓድ ለታ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። ቦርጭህ ግን አይፈቅድም።»

«ተሸክሜበት ነው የኖርኩት እኮ ጓድ!»

«ገብቶኛል። ሰፊው ሕዝብ ግን ግራ ይጋባል።»

ሰፊው ሕዝብ ግራ ይጋባል! ሰማችሁ? ሕዝቡ ጎረቤቱን የማያውቅ ይመስል! ለታ ቤቱ ገብቶ ራቱን ሳይበላ ተኛ። በቀለች ግን አልተኛችም፤ ግድግዳው እስኪሰማ ድረስ ስትራገም አመሸች።

ቀኑ ደረሰ። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ሲያወርደው አድሮ፣ ጠዋት ፀሐይ ፏ አለች። ለታ ቱታውን ለበሰ፤ በላዩ ካፖርቱን ደረበ፤ ቆቡን ደፋ፤ ወገቡ ታሰረ። ዳኜ ከመኪናው ላይ የገመዱን ጫፍ ይዞ ፈገግ አለ። ማርሹ ተመታ። ሕፃናቱ «ከበርቴ! ከበርቴ!» አሉ። ሰልፉ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ፤ ድልድዩን ተሻገረ። የክብር እንግዶች የተቀመጡበት መድረክ ከዳገቱ ጫፍ ይታያል።

እዚያው ዳገቱ ሥር አሮጌው ፊያት በግራ ጎማው ጭቃ ውስጥ ስምጥ አለ። ሾፌሩ ነዳጅ ረገጠ፤ ጎማው ባዶውን ዞሮ ጭቃውን በባንዱ ላይ ረጨው። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ከኋላ መግፋት ጀመሩ፤ አልነቃነቅ አለ።

«ዳኜ፣ ውረድና ግፋ እንጂ!» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ ምላሷ የማይታጠፈው ተሾመች።

«ቱታው እኮ ፈርሜ የተዋስኩት ነው! ጭቃ ከነካው እኔ ነኝ የምጠየቀው!» አለ ዳኜ ከላይ።

ለታ አየ። ሴቶቹ ጭቃ ለብሰው ሲያቃስቱ አየ፤ ዳኜን የተወለወለ መዶሻውን ታቅፎ አየ። ገመዱን ከወገቡ ፈታ፤ ሌላውን ጫፍ ከዳኜ እጅ ነጠቀው። ወደ መኪናው ፊት ዞሮ መጎተቻው ላይ አሰረው። ሌላውን ጫፍ በዚያ ዝቅ ባለው ትከሻው ላይ ጣለና ሳበ።

ጓድ ደምሰው በድምፅ ማጉያ እየጮኸ መጣ።

«ኢምፔሪያሊዝም! ገመዱን ልቀቅ! ኢምፔሪያሊዝም የሠራተኛውን መኪና አይጎትትም!»

ለታ ዞር አለ። ላቡ ከካርቶኑ ቆብ ሥር ይንቆረቆራል።

«ጓድ፣ እኔ ለታ ነኝ።»

«ትርኢቱን እያበላሸህ ነው! ወደ ቦታህ!»

በቀለች ከመንገዱ ዳር ዘላ ገባች። «ታዲያ ማን ይጎትትልህ? ያ ከላይ የቆመው ሙሽራ? ይህን ሁሉ ሰው ያበላ ትከሻ ነው ቦታው የጠፋበት? እንዳትለቅ ለታ!»

ለታ ቆቡን አወለቀ፤ ጭቃው ላይ ጣለው። ካፖርቱን አወለቀ፤ ከነዶላሩ ጎማው ሥር ከተተው፤ ጎማው እንዲነክስ። እና እዚያ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ያቺ የታጠበች፣ ጉልበቷ ላይ የተጣፈች ቱታ ብቅ አለች። «ውይ! ቱታ ለብሷል!» አለ አንድ ሰው፤ ጎረቤቱ ሠራተኛ መሆኑን ገና ዛሬ የሰማ ይመስል!

«በሉ ሆ!» አለ ለታ። ገመዱ ተወጠረ፤ ሴቶቹ ገፉ፤ የባንዱ ልጆች መለከታቸውን ጥለው ትከሻቸውን ሰጡ። ጎማው ካፖርቱን ረግጦ ወጣ!

ከዚያ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሴቶቹ ለታን ከነጭቃው አፋፍሰው መኪናው ላይ አወጡት። ዳኜ ቱታው እንዳይነካ ጥግ ያዘ። መኪናው ዳገቱን ወጣ፤ ከኋላው የሚጎተት ነገር የለም። ጓድ ደምሰው መድረኩን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ኢምፔሪያሊዝም የት ሄደ? ኢምፔሪያሊዝም ከሌለ እኔ ምን ልል ነው?» እያለ ከመኪናው ጎን ሮጠ።

መድረኩ ፊት ሲደርሱ የመፈክር አሰሚው በለመደው ድምፁ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» አለ። ሕዝቡ «ይውደም!» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ተሾመች ቀደመች።

«ወደመኮ ጓድ! ጎማ ረገጠው!»

ከዚያ የመድረኩ ትልቅ ሰው ሳቁን መያዝ አቃተውና አጨበጨበ። እሱ ሲያጨበጭብ ሌሎቹም አጨበጨቡ፤ ጓድ ደምሰውም፣ ወዶ ሳይሆን በግዱ፣ አጨበጨበ። እልልታው ቀለጠ! ለታ መዶሻም አልጠየቀ። ጭቃ የጠጣውን ገመድ ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ ቦርጩን ወደ ፊት አድርጎ፣ ሳያጎነብስ አለፈ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም።

አሁን ከሱቁ ስመለስ በአጠገቡ አለፍኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ በቀለች እግሩን ታጥበዋለች። አንድ ውሪ እየሮጠ አልፎ «ደህና አምሹ ጋሽ ለታ!» አለው። ለታ፣ ከበርቴ ሳይሆን! ለታም የልጁን ሰላምታ ደግሞ የመለሰው እንዴት ባለ ድምፅ መሰላችሁ...

ኋላ ትሰሙታላችሁ፤ ውይይት የምንለው ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው። ተናኘ መካኒሳ ሆና እስካሁን አልሰማችም፤ እህቷን «የከበርቴ ሚስት» የምትለው ተናኘ! ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልድረስባት። ሾፌር፣ ቆይ፣ አንድ ሰው አለ!